11.1 ቮልት

ሌሊቱን ሙሉ የኮምፒውተሬን ፕሮሰሰር ስወቅስ አደርኩ። ፍጥነቱን ከፋብሪካው ልክ አሳልፌ 4.8 ጊጋኸርዝ ላይ ሳደርገው ዊንዶውስ ያለምንም ችግር ይነሳል። ፕሮሰሰሩን አስጨንቆ የሚፈትነውን ፕራይም95 ስከፍትበት ግን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሰማያዊው የብልሽት ስክሪን ብቅ! እኔም ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ገብቼ የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ እጨምራለሁ። 1.28፣ 1.30፣ 1.34። ያተረፍኩት ሙቀት ብቻ። (ቮልቴጅ ትንሽ ሲጨመር የሚበላው ኃይል በስኩዌር ነው የሚያድገው። ምድጃ ሠርቼ ነበር ማለት ይቻላል።)

ጠዋት ጓደኛዬ መጣ። ስክሪኑን ዞር ብሎ እንኳ አላየም።

"መልቲሜትር አለህ?"

ከፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ከሚያድለው ሳጥን) የሚወጣውን የ12 ቮልት ቢጫ ሽቦ ለካ። ማሽኑ ሥራ ሲፈታ 12.1። ፈተናውን ስናስጀምረው ቁጥሩ ዓይናችን እያየ ወረደ፤ 11.8፣ 11.5... 11.1 ላይ ቆመ። የቆየው የኤቲኤክስ (የፓወር ሰፕላይ) መስፈርት ከ11.4 በታች አይፈቅድም።

"ልጁ ርቦታል፤ አንተ ትገርፈዋለህ" አለኝ።

ፓወር ሰፕላዩን አንዴም አልጠረጠርኩትም እኮ! ጥግ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሳጥን ነው። ስህተቱ የሚታየው ፕሮሰሰሩ ላይ ስለሆነ ዱላውም እሱ ላይ አረፈ። ሰው ላይም ስንቴ እንዲህ አድርጌ ይሆን?

የጓደኛዬን ፓወር ሰፕላይ ገጠምን። ቮልቴጁን ወደ 1.28 መለስኩት። ይኸው ስድስት ሰዓት አለፈው፣ ፕራይም95 አሁንም እየሮጠ ነው። ጓደኛዬ ግን ፓወር ሰፕላዩን መልስልኝ እያለ ነው።