አልቅት የያዘው በሬና የትምባሆው መጠን

በጋው ጠንክሮ ወንዙ ሲቆራረጥና ኩሬ ኩሬ ሲሆን የአልቅት ወቅት ነው። ከብቱ ሲጠጣ አብራ የምትገባው አልቅት ክር የምታህል ናት፤ ከምላስ ሥር፣ ከጉሮሮ ወይም ከአፍንጫ ውስጥ ትጣበቅና ደም እየመጠጠች ትወፍራለች። በሬው ራሱን ይነቀንቃል፣ ያስነጥሳል፣ ደም የቀላቀለ ለሃጭ ያዝረበርባል። ከአንዱ አፍንጫው ቀጭን ደም የሚወርድበትም አለ።

አፉን ከፍቶ እጅ ከመስደድ በፊት ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ከብትም ለሃጩን ያዝረበርባል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ጉሮሮው ላይ አንድ ነገር የተሰነቀረበት ይመስላል። ጠባዩ ከተለወጠ፣ ድምፁ ከጎረነነ ወይም የኋላ እግሩ ከተሳነው እጅዎን አያስገቡ። አፉ ውስጥና በሰኮናው መሀል ቁስል ካለ ደግሞ ነገሩ አፍተግር (የአፍና የእግር በሽታ) ሊሆን ይችላል።

አልቅት መሆኑ ከታወቀ ያለ ምንም መድኃኒት የሚሠራ ዘዴ አለ፤ እኔ የምመርጠውም እሱን ነው። ከብቱን ቀን ውሃ ከልክሎ ማዋል፣ ማታ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ በገንዳ ማቅረብ። ከአፍንጫ ውስጥ ያለችው ውሃው ሲሸታት ብቅ ትላለች። ባዶ ጣት ያዳልጣል፤ አመድ የነካ ጣት ወይም ሸካራ ጨርቅ ይይዛታል። ሳይጎትቱ ጥቂት ጨው ቢነኩባት ራሷ ትለቃለች። ቦታው ትንሽ ይደማል፣ ይቆማል።

ትምባሆው የሚመጣው ይህ ሲያቅት ነው። ቅጠሉ ተወቅጦ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ በጨርቅ ይጠለልና አፍንጫ ውስጥ ይንጠባጠባል። ኒኮቲኑ አልቅቷን ያደነዝዛትና ትለቃለች። መድኃኒቱ ይሠራል፤ ችግሩ መጠኑ ነው። «አንድ እፍኝ ቅጠል» ሲባል እርጥብ ነው ደረቅ? እርጥብ ቅጠል አብዛኛው ውሃ ነው፤ የደረቀው እፍኝ መርዙ እጅግ ይበረታል። በደረቅ ቅጠል ውስጥ ኒኮቲኑ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 በመቶ ነው፤ የአፍንጫ ውስጥ ስስ ቆዳ ደግሞ በፍጥነት ወደ ደም ያስገባዋል። በሬው ሲንቀጠቀጥ፣ ሲንገዳገድና ትንፋሹ ሲቆራረጥ አልቅቷ ያሠቃየችው የሚመስለው ሰው አለ፤ መርዙ ነው። ማርከሻ የለውም። ስለዚህ በጠርሙስ ከማፍሰስ ይልቅ ጨርቅ ነክሮ የምትታየዋን አልቅት ብቻ መንካት ይሻላል። ለጥጃ፣ ለበግና ለፍየል ትምባሆ አፍንጫ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል።

ሌላው ገዳይ ነገር አጋቱ ነው። ሁለት ሰው ይይዝና አንገቱን ሽቅብ ቆልምሞ፣ ምላሱን ስቦ፣ ሃይላንዱን በአንድ ጊዜ ይገለብጣል። አንገቱ የተቆለመመ ከብት በደንብ መዋጥ አይችልም፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ትኩሳትና ሳል ይመጣና «መድኃኒቱ አልተስማማውም» ይባላል። ማንኛውም የሚጋት ነገር፣ የግራዋ ጭማቂም ሆነ ለሆድ መነፋት የሚሰጥ የኑግ ዘይት፣ የከብቱ ራስ ከጀርባው መስመር በላይ ሳይነሳ፣ በጉንጩ በኩል፣ እየተዋጠ እየታየ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል። ካሳለ ወዲያው ራሱን ዝቅ ማድረግ ነው።

እንዶድም ለአልቅት ይውላል፤ የተወቀጠው ፍሬ ውሃው ውስጥ ይበተናል። ሳይንቲስቱ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት በዚሁ ፍሬ ነው። ቀንድ አውጣን የሚገድለው ነገር ዓሣንም ይፈጃል፤ ዓሣ ያለበት ወንዝ ላይ መበተን የለበትም። ለእርጉዝ ላም በአፍ ከመስጠት መቆጠብ ነው፤ ታስወርዳለች ተብሎ ይፈራል። ለእኔ ውሃውን ቀድቶ፣ በጨርቅ አጥልሎ፣ ከኩሬው ራቅ ባለ ገንዳ ማጠጣት ከእንዶዱም ይበልጣል። አድካሚነቱ አይካድም።

አልቅቷ ከወጣች በኋላ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርገው ውስጡን ይዩ። ነጣ ካለ በሬው ብዙ ደም አጥቷል፤ ቀለሙ እስኪመለስ ቀንበር አይጫንበት።