መዝለል የማይችለው እንስሳና የእኛ ቡና

ጅማ፣ ነሐሴ

ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ያለ አንድ እንስሳ አለ። በአካል አላየሁትም፤ የማየውም አይመስለኝም። ሎሪስ ይባላል፤ የማወራው ስለ ስሪላንካው ነው። የጦጣ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ቀጭን፣ ጭራ የሌለው፣ ፊቱን ሁለት ትልልቅ ክብ ዓይኖች የሞሉት። ቀን ቀን ኩርምት ብሎ ይተኛል። ሲመሽ ይነቃና በቅርንጫፍ ላይ ቀስ እያለ እየሄደ ነፍሳትን ያድናል። ክብደቱ ከገበያ የምንገዛትን ሩብ ኪሎ ቡና እንኳ አያክልም።

ከሎሪሶቹ መካከል ልቤን የወሰደው የደጋው ነው። ሆርተን ፕሌንስ በሚባለው ከፍታ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ይኖራል። ብርዱን እንዲችል ይመስላል፣ ከቆላው ዘመዱ ይልቅ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ እጅና እግሩም አጠር ያለ ነው። ከ1939 እስከ 2002 ድረስ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የት እንዳለ ስላልታወቀ ከምድር ጠፍቷል ተብሎ ነበር። ፎቶግራፉ ለዓለም የታየው በ2010 ነው። እኔም ያንን ፎቶ አይቼ ነው የተያዝኩት፤ ቅርንጫፉን በእጅና በእግሩ ጨብጦ፣ ዓይኑን አፍጥጦ። ከስድሳ ዓመት በላይ ሰው ሳያውቀው እዚያው ጨለማ ውስጥ ልጅ እየወለደ፣ ልጁን አቅፎ እያሳደገ ኖሯል ማለት ነው።

ጅማ የተወለደ ሰው ስለ ስሪላንካ እንስሳ ምን አስጨነቀው የሚል ይኖራል። እኔም መጀመሪያ ያነበብኩት በፍቅር ብቻ ነበር። ደኑ ለምን አለቀ ብዬ ስከታተል ግን መንገዱ ወደ ቡና ወሰደኝ፤ ቡናው ደግሞ ወደ ቤቴ።

ስሪላንካ ሴሎን በምትባልበት ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ እንግሊዞች የመካከለኛውን ደጋ ደን እየጣሉና እያቃጠሉ ቡና ተከሉበት። ኮረብታው ሁሉ ቡና ሆነ። ያ ቡና ዐረቢካ ነው፤ የዘሩ ምንጭ የእኛው የደቡብ ምዕራብ ደን ነው። በየመን በኩል የወጡ ጥቂት ዘሮች ናቸው በየባሕሩ ማዶ የተባዙት። በ1869 የቡና ቅጠል ዋግ ሴሎን ውስጥ ታየ። ዛፎቹ ከጥቂት እናቶች የመጡ የአንድ ቤት ልጆች ስለነበሩ አንዱን የጣለ በሽታ ሌላውንም አልማረም፤ በሃያ ዓመት ግድም የቡናው ሀብት አለቀ። ጄምስ ቴይለር የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1867 ሻይ ለገበያ መትከል ጀምሮ ስለነበር፣ ባለ እርሻዎቹ ፊታቸውን ወደ ሻይ አዞሩ። ሻይም ከቡናው የተረፈውን ደጋ ደን እየገፋ ወጣ። ዛሬ የደጋው ሎሪስ የቀረለት በሻይና በአትክልት ማሳ መካከል እንደ ደሴት የተበጣጠሰ ደን ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ለብዙ ቀን ቡና ስጠጣ እየታወሰኝ ተቸግሬአለሁ። የእኛ ደን ያበቀለው ዘር፣ ከደኑ ተነጥሎ ሲሄድ፣ ሌላ አገር ያለውን ደን በላ። እዚህ ግን ቡና የሚኖረው ከዛፍ ሥር ነው። ሰሳው፣ ዋንዛው፣ ቀረሮው ከላይ ጥላ ይሰጡታል፤ ጉሬዛው ከላያቸው ይዘላል፤ ንቡ ቀፎው ውስጥ ይሠራል። ከጅማ ወደ ጌራ ሲኬድ የበለጤ-ጌራ ደን እስከ ዛሬ ከቆመበት ምክንያት አንዱ፣ ሰው ከሥሩ ቡና ስለሚለቅም ነው ብዬ አምናለሁ። ደኑም ውለታውን መልሷል። በ1971 የቡናን እሸት እያጠቆረ የሚያረግፍ በሽታ አገራችን ሲገባ፣ ጅማ አጠገብ ያለው የመልኮ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ያገኙት ደን ለደን ሄደው በሽታውን የቻሉ ዛፎችን በመልቀም ነው። ገበሬው ዛሬ 74110 እያለ የሚጠራው ዝርያ በ1974 ከተመረጡት አንዱ ነው። ሴሎን ውስጥ ዋጉ ሲመጣ የሚሮጡበት እንዲህ ያለ ደን አልነበረም።

ነገር ግን ልቤን የከበደው ሌላ ነው። ሎሪስ መዝለል አይችልም። በአገራችን ደቡብና ምዕራብ የሚገኘው፣ እንደ እርሱ የሌሊት የሆነው ጋላጎ የተባለ ትንሽ እንስሳ ከዛፍ ዛፍ ይወረወራል። ሎሪስ ግን አንዱን ቅርንጫፍ አጥብቆ ሳይዝ የያዘውን አይለቅም። ሁለት ዛፎች ጫፋቸው ካልተነካካ፣ ለእርሱ መሐላቸው ገደል ነው። ወርዶ በምድር ከሄደ ውሻ አለ፣ ድመት አለ፣ መኪና አለ፤ በኤሌክትሪክ ሽቦ ለመሻገር ሲሞክር የሚሞትም አለ። ስለዚህ ደን ለሎሪስ የሚጠፋው ዛፉ ሁሉ ሲቆረጥ ብቻ አይደለም። ዛፎቹ እየቆሙ፣ መሐላቸው ሲከፈትም ይጠፋበታል።

ይህችን ነገር ካወቅሁ ወዲህ ጎማ ወረዳ የሚገኘውን የአጎቴን ቡና በሌላ ዓይን ነው የማየው። በየክረምቱ ምንጣሮ አለ። ቁጥቋጦው ይታጨዳል፣ ሐረጉ ይበጠሳል፣ ብርሃን እንዲገባ ከጥላ ዛፉ አንዳንዱ ይወርዳል። ማንም ደን ጨፈጨፈ አይልም፤ ከሩቅ የሚያይ ደን ነው የሚለው። ግን በልጅነቴ ቀና ስል ሰማይ የማይታይበት ቦታ ዛሬ ሰማዩ ወለል ብሎ ይታያል። በስሱ ነው የሚሄደው፤ አንድ ዓመት አንድ ዛፍ፣ ሌላ ዓመት ሁለት። ያኔ ከዛፍ ዛፍ ተዘርግቶ የነበረው ሐረግ የስንት ፍጥረት ድልድይ እንደነበር ማን ቆጥሮት ያውቃል? ስለ ትልልቁ እንስሳ እንጠይቃለን፤ ጉሬዛው አለ ወይ፣ አሳማው መጣ ወይ እንላለን። በሌሊት የሚወጣውን፣ ድምፅ የሌለውን፣ ትንሹን የሚጠይቅ የለም። ሎሪስም ለዚያን ያህል ዓመት የተረሳው አነስተኛ፣ ዝምተኛና የሌሊት ስለሆነ ነው ብዬ አስባለሁ።

አጎቴ ላይ መፍረድ አልችልም። ዛፍ ሲከፈት ቡናው ፍሬ ይጨምራል፤ እርሳቸውም የሚከፍሉት ዕዳና የሚያስተምሯቸው ልጆች አሏቸው። ጎረቤታቸው ቡናውን ነቅሎ ጫት ተክሏል፤ ጫት ቶሎ ቶሎ ይቆረጣል፣ ቶሎ ይሸጣል፣ ጥላም አይፈልግም። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር አጎቴ ደኑን የያዙ ሰው ናቸው። ቡና ጥላውን ሲያጣ አንድ ሁለት ዓመት አብዝቶ አፍርቶ ከዚያ እንደሚዝልና ቅርንጫፉ እንደሚደርቅ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ባለፈው እሑድ ሄጄ የሎሪሱን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። "ይሄ ምን ይበላል?" አሉኝ። ነፍሳት አልኳቸው። "ታዲያ ለቡናው ጥሩ ነው" አሉ። ከዚያ የሴሎኑን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ስለ ዋጉ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ በልጅነታቸው አባታቸው እሸቱ ጠቁሮ ሲረግፍ ያለቀሱትን አይተዋል። በመጨረሻ የመጣሁበትን አወጣሁ። "ጋሼ፣ ከወንዙ ዳር ያለውን ዘንድሮ አይንኩት፤ ሐረጉንም ቢሆን። ከላይኛው ደን ጋር እንደተያያዘ ይቆይ።"

ቆፈን በያዘው እጃቸው ስልኩን መለሱልኝና ወደ ወንዙ አቅጣጫ አዩ። እዚያ ያለው ቡና ከሁሉ ያነሰ እንደሚሰጥ እኔም አውቃለሁ፤ ዛፎቹም ለጣውላ የሚፈለጉ ናቸው።

"ዘንድሮ አልነካውም" አሉኝ። "ለከርሞ ግን አንቺ ልጅ፣ የቡናው ዋጋ ነው የሚወስነው። ቃል አልገባልሽም።"

ለከርሞም ምንጣሮው ሳይጀመር እሄዳለሁ። የእርሳቸውን ልጆችም ይዤ፣ ማታ በባትሪ ወደዚያ ወንዝ ዳር ወርደን ከቅርንጫፉ ላይ ምን እንዳለ ማየት እፈልጋለሁ።