መታወቂያዬ ላይ ያለው ፈረስ

መብራት ከሄደ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሐምሌ ጅማ ውስጥ እንዲህ ነው፤ አንዴ ከጀመረ የሚያስቆመው የለም። እኔ ሻማ አብርቼ እርጥብ ቆዳ አጠገብ ቁጭ ብያለሁ። ልክ እንደ በሽተኛ አስታማሚ።

ቆዳው የኮርቻዬ መቀመጫ ነው። ከሰዓት በኋላ ሳፋ ውስጥ ነክሬው፣ አመሻሽ ላይ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አሁን የምጠብቀው ቀለሙን ነው። ቆዳ ሲርስ ይጠቁራል። ከዚያ ቀስ እያለ የቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ላዩ መንጣት ሲጀምር፣ ጉንጭህ ላይ ስታስጠጋው ግን ገና ሲቀዘቅዝህ፣ ያኔ ነው ሰዓቱ። ያኔ እንደ ሊጥ ይታዘዛል። እንጨቱ ላይ ወጥረህ በመዳፍህ እያሸህ ቅርጹን ታስይዘዋለህ። ከዘገየህ ጣውላ ነው። በሻማ ብርሃን ደግሞ ሁሉም ቆዳ መልኩ አንድ ነው። የኔም ጭምር።

እና በየአስር ደቂቃው ተነስቼ ጉንጬን ቆዳው ላይ አስጠጋለሁ። ማንም አላየኝም፤ ተመስገን።

የአሜሪካ ኮርቻ በእጄ ልሰራ ብዬ ስምንት ወር ሙሉ ጆሯችሁን አደንቁሬዋለሁ። "ካውቦዩ" ያላችሁኝንም አልረሳሁም። ቢሆንም የደረስኩበትን ልናገር። አጽሙ አልቋል። ዋንዛ ነው፤ ከቤት ዕቃ ሰሪዎቹ ያገኘሁት የአልጋ ትራፊ። ሁለት ረጃጅም ጣውላዎች ከፈረሱ አከርካሪ ግራና ቀኝ ይተኛሉ። አከርካሪውን ራሱን ምንም ነገር አይነካውም። ከፊትና ከኋላ ሁለት ድልድዮች ያያይዟቸዋል። በዚያ ላይ ጥሬ ቆዳ በእርጥቡ ይሰፋበታል። ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን አንቆ ይይዘዋል። የአሜሪካኖቹ ኮርቻ ሚስጥሩ ይኸው ነው። ጠፍር አልጋ ላይ ተኝቶ ያደገ ሰው ይሄን ለማወቅ ቪዲዮ አያስፈልገውም ነበር። እኔ ግን ካርድ እየሞላሁ ከቪዲዮ ነው የተማርኩት።

የመጀመሪያውን አጽም ያበላሸሁት በችኮላ ነው። ጥሬ ቆዳ መድረቅ ያለበት ጥላ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ ነው። በዚህ እርጥበት ሳምንት አልፎትም አልደርቅ አለኝ። ጭራሽ መሽተት ጀመረ። ከሰል ምድጃው አጠገብ አስጠግቼው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ አንዱ ወገን ቀድሞ ደርቆ ሌላውን ጎትቶታል። አጽሙ እንደተኳረፈ ሰው ፊቱን አዙሮ ጠበቀኝ። እናቴ አየችና "ይሄ ለበርጩማም አይሆን" አለች። የጅማ ሴት ስለ በርጩማ ከፈረደች ይግባኝ የለም።

ቆዳ ለፋ ይባላል። ሰውም ለፋ ይባላል። ቆዳው ሲለፋ ይለሰልሳል፤ የኔ ጣቶች ግን ደድረዋል። ስፌቱ በአንድ ክርና በሁለት መርፌ ነው። ክሩን ሰም ላይ ትፈትገዋለህ። መጀመሪያ ወስፌ፤ ከዚያ የግራው መርፌ፤ ከዚያ የቀኙ በዚያው ቀዳዳ ከወዲያ ማዶ። ቆዳው 5 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ መርፌውን በጉጠት ካልጎተትከው አይወጣም። ግን አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። የማሽን ስፌት አንዴ ከተበጠሰ ይተረተራል። በዚህ አካሄድ አንድ ክንድ ስፌት አንድ ምሽት ይበላል። ቆጥሬዋለሁ። ባልቆጥረው ይሻለኝ ነበር።

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ከፊት ያለው ጉብታ ነው። ቀንድ ነው የሚሉት። ልጅ ሆነን ቪዲዮ ቤት ተጠጋግተን የካውቦይ ፊልም ስናይ፣ ያ ጉብታ ፈሪ ጋላቢ የሚጨብጠው እጀታ ይመስለኝ ነበር። ለካ የገመድ ነው። ከሜክሲኮ ከብት ጠባቂዎች የተወረሰ ጥበብ ነው። ሰውየው ወይፈኑን በገመድ ያጠምደዋል፣ የገመዱን ጫፍ ቀንዱ ላይ ይጠመጥመዋል። ከዚያ በኋላ ከወይፈኑ ጋር የሚታገለው ኮርቻው ነው። ሰውየው ሲጠመጥም ጣቱ በገመዱና በቀንዱ መሃል ከገባች ግን አለቀላት። አውራ ጣቱን በዚህ ያጣ ጋላቢ ጥቂት አይደለም። ኮርቻው ከ15 ኪሎ በላይ የሚመዝነውም ለዚህ ነው። የሥራ ጠረጴዛ በለው።

የኛው ኮርቻ ሌላ ዓለም ነው። ከፊትም ከኋላም ከፍ ብሎ ሰውየውን እንደ ዙፋን አቅፎ ይይዘዋል። እርካቡ የብረት ቀለበት ነው፤ የሚገባበት የእግር አውራ ጣት ብቻ። ጫማ የለ፣ ቦት የለ። እዚያ ማዶ የእጅ አውራ ጣት ይቆረጣል፣ እዚህ የእግር አውራ ጣት ሙሉ ሰው ትሸከማለች። አስቡት እስቲ፣ በሩጫ ላይ!

ይሄን ያሳዩኝ የዴዶ መንገዱ ሽማግሌ ናቸው። ታውቋቸዋላችሁ፣ ድሮ ኮርቻ ይሰሩ የነበሩት። አጽሙን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ይዤላቸው ሄድኩ። በረንዳ ላይ አገላብጠው አዩት።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የአሜሪካ ኮርቻ ነው፣ አባባ።"

ቀንዱን በመዳፋቸው ያዙት። "ይሄስ?"

"ገመድ መጠምጠሚያ ነው። ወይፈን ሲያዝ።"

"ፈረስ ላይ ተቀምጦ ወይፈን ሊጎትት?"

"አዎ።"

"ያ ረቢ!" አሉ። ለፈረሱ አዝነው ነው። ከዚያ ዞር ዞር ብለው ግቢውን አዩ። "ፈረሱስ?"

ፈረስ የለኝም አልኳቸው። ሳቁ። ጥርስ የለም፣ ሳቁ ግን ሙሉ ነው። "ፈረስ የጠፋው ሰው ኮርቻ ገልቦ ያያል ሲሉ ሰምቻለሁ። ኮርቻ ሰፍቶ ፈረስ እስኪመጣ የሚጠብቅ ግን አንተን አየሁ። ታዲያ የማንን ጀርባ ለክተህ ነው?"

እዚህ ላይ ትንሽ አፈርኩ። የለካሁት መርካቶ በር ላይ የሚቆም የጋሪ ፈረስ ነው። ለስላሳ ሽቦ ጀርባው ላይ አጎብጬ፣ የያዘውን ቅርጽ ካርቶን ላይ ገለበጥኩት። ባለጋሪው ጀርባ ማስለኪያ 50 ብር አስከፈለኝ። ፈረሱ ክረምት ያደቀቀው፣ ጎድኑ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ የእኔ ኮርቻ የሚሆነው ለከሳ ፈረስ ነው። ፈረሱ ከወፈረ ኮርቻው ይጠበዋል። ያን ሁሉ ቪዲዮ አይቼ ይሄን ያሰብኩት ከሽማግሌው በረንዳ ስመለስ ነው።

"የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ ሲሸኙኝ።

የአባ ቦራ የልጅ ልጅ ነኝ አልኳቸው።

ዓይናቸው በራ። "ቦራን? ቦራንማ አውቀዋለሁ!" ብለው ጀመሩ። ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ ወደ ግራ እንደሚያዘነብል፣ ድልድይ እያለ በውሃ ማቋረጥ እንደሚወድ፣ ከግላሱ፣ ከኮርቻው ልብስ፣ ላይ ቀዩ ጥለት ሲወዛወዝ ሴቶቹ እልል እንደሚሉ። አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ ሙሽራውን ጥሎ ብቻውን ሙሽሪት ቤት መድረሱን። ግማሽ ሰዓት አወሩኝ። ያወሩት ሁሉ ስለ ፈረሱ ነው።

"አያቴንስ ያውቋቸዋል?" አልኩ።

"ሰውየውማ ላዩ ላይ ነበሩ" አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መታወቂያዬን ባወጣሁ ቁጥር ዓይኔ ሦስተኛው ስም ላይ ያርፋል። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። የኔ ስም፣ የአባቴ ስም፣ ከዚያ ፈረስ። ባንክ ስሄድ ልጅቷ ሦስቱንም ጮክ ብላ ትጠራቸዋለች። አንድ ቀን ፈረሱ "አቤት" ሳይል አይቀርም።

እርግጥ እኔ ብቻ አይደለሁም። ከተማው ራሱ በፈረስ ነው የሚጠራው። አባ ጅፋር ማለት የጅፋር አባት ማለት ነው፤ ጅፋር ደግሞ ፈረስ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ገዙ። ቤተ መንግሥታቸው ጂሬን ኮረብታ ላይ ዛሬም ቆሟል። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ እኔም እንደ ሌላው ሰው መንገድ ላይ ጮኬያለሁ። አሁን ሳስበው ለፈረስ ነው የጮህኩት። ነገሥታቱም እንደዚሁ ናቸው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። የራስ አሉላማ ይብሳል፤ አባ ነጋ የሚለው የአባታቸው ስም የሚመስለው ስንትና ስንት ሰው አለ። መቀሌ ላይ አውሮፕላን የሚያርፈው በአሉላ ከነፈረሳቸው ስም ነው።

ግን የእነሱ የራሳቸው ስም አብሮ ዘልቋል። የኔ አያትስ?

ባለፈው እሁድ አክስቴ አዳዳ ጋ ደወልኩ። ከአባቴ ወገን የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

"አዳዳ፣ የአያቴ ስም ማን ነበር?"

"ምን ሆነሃል? አባ ቦራ ነዋ!"

"እሱማ የፈረሱ ነው። ቦራን ሳይገዙ በፊትስ?"

ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። "እናታችን በስማቸው ጠርታቸው አታውቅም" አለች በመጨረሻ። "ድሮ ሚስት የባሏን ስም መች ትጠራለች? ጎረቤቱም አባ ቦራ ነበር የሚላቸው። እኛ ደግሞ አባ እንል ነበር።"

"ከዚያ በፊትስ? ልጅ እያሉ?"

"ልጅ እያሉ እኔ ነበርኩ እንዴ?" ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ስለ ጉልበቷ ሕመም አወራን።

ኮርቻቸውን ግን አስታውሰዋለሁ። እኔ ስደርስ ቦራም እሳቸውም የሉም። ኮርቻው ማድ ቤት ጥግ ተገልብጦ ተቀምጦ ነበር። ውስጡ ገለባ ተደርጎበት ዶሮ ታቀፈችበት። ጠፍሩ እዚህም እዚያም ተበጥሷል፣ ከፊት ያለው እንጨት በእጅ ብዛት አብረቅርቋል። ዶሮዋ ስትነሳ ጠብቄ ቡና ጆንያ ላይ ጭኜው እጋልብ ነበር። አንድ ቀን እንቁላል ሰብሬ ተገረፍኩ። ቤት ስንቀይር የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ምናልባት ማገዶ ሆኗል። እንዴት እንደተሰፋ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም፤ እኔ የማየው እንቁላሉን ነበር።

ሽማግሌው "የኛን ለምን አትሰራም?" ሲሉኝ ቪዲዮ የለውም ብዬ መለስኩላቸው። አሁን ሲታወሰኝ ትራሴ ውስጥ ልደበቅ ይለኛል። ቪዲዮው ፊቴ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ነበር እኮ።

ደግሞ ይሄን አስባለሁ። እኔ ልጅ ቢኖረኝ፣ የልጅ ልጅ ቢኖረኝ፣ በምን ስም ይጠሩኛል? የምጓዘው በባጃጅ ነው። አባ ባጃጅ? እሱም የሰው ነው፣ የራሴ እንኳ አይደለም። ከነጋሪው ያንን የከሳ ፈረስ ልግዛ ብዬም አስቤያለሁ። ስሙን ጠይቄው ነበር ባለጋሪውን። "ስም? እሱ ፈረስ ነው" አለኝ።

ቤቱ እንዲህ የበራው መቼ ነው? መብራት መጥቷል። ሻማው ለብቻው ሲነድ ቆይቷል። ዝናቡም አባርቷል። ጉንጬን ቆዳው ላይ ካስጠጋሁ ስንት ሰዓት ሆነኝ?

አሁን አስጠጋሁት። አይቀዘቅዝም። በጣቴ ቆረቆርኩት፤ እንደ በር ይጮሃል።

እንደገና መንከር ነው እንግዲህ። ሳፋውን ግን ማን ወሰደው?