ጀሶዬን ያስረዘመችው ትንሽ አጥንት

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ዝናብ ባረጠበው የቤታችን ደረጃ አንሸራትቶኝ ስወድቅ ቀኝ መዳፌን ዘርግቼ መሬቱን ተደገፍሁ። በዚያው ምሽት የተነሣሁት ራጅ፣ ከሁለቱ የክንድ አጥንቶች በአውራ ጣት በኩል ያለው ራዲየስ አንጓው አጠገብ መሰበሩን፣ በትንሿ ጣት በኩል ካለው ከኡልና ጫፍም አንዲት ፍንካች መገንጠሏን አሳየ። ሐኪሙ አጥንቱን ጎትቶ ወደ ቦታው ከመለሰ በኋላ ግማሽ ጀሶ አሰረልኝና 6 ሳምንት ያህል እንደሚወስድ ነገረኝ፤ እኔም ለመሥሪያ ቤቴ ያንኑ ጻፍሁ።

ሌሊት ሌሊት የምታስጨንቀኝ ያቺ ፍንካች ነበረች። ሐኪሙ ግን የራዲየስ ስብራት ከሚደርስባቸው ሰዎች ግማሽ በሚሆኑት ላይ የኡልና ጫፍ አብሮ እንደሚሰበር፣ ሁለቱ አጥንቶች የሚገናኙበት መገጣጠሚያ እስካልላላ ድረስም ፍንካቿ ሳትገጥም ብትቀር የእጁን አገልግሎት ብዙም እንደማትቀንሰው አስረዳኝ። የእኔ መገጣጠሚያ አልላላም ነበር፤ ፍንካቿም እስከ ዛሬ አልገጠመችም፣ አታመኝምም።

መዘዙ የመጣው ካልጠረጠርሁት ቦታ ነው። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውራ ጣቴ ሥር ይጠዘጥዘኝ ነበር፤ «የተሰበረ እጅ አይደል፣ ማመሙ የት ይቀራል» ብዬ ዝም አልሁ። በ2 ሳምንቴ ጀሶው ሲቀየር ሐኪሙ አውራ ጣት ወደ ላይ ሲቀና በጅማቶቹ መካከል የምትታየውን ጎድጓዳ ቦታ ጫን ሲላት ከወንበሬ ተነሣሁ። በሌላ አቅጣጫ የተነሣው ራጅ ስካፎይድ በምትባለው የአንጓ አጥንት ወገብ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አወጣ። እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ለስካፎይድ የሚደርሰው ደም በአመዛኙ በጣቶቹ በኩል ገብቶ ወደ ክንድ ስለሚመለስ፣ ወገቧ ላይ ስትሰነጠቅ በክንድ በኩል ያለው ቁራጭ ደም ሊያጥረው ይችላል፤ ስለዚህ ቀስ ብላ ትድናለች፣ ችላ ከተባለችም ሳትገጥም ቀርታ ውሎ አድሮ አንጓውን ልታበላሽ ትችላለች።

ራዲየሱ በ6 ሳምንት ገጠመ፤ እጄ ግን በጀሶ ውስጥ 11 ሳምንት ቆየ። «ወጌሻው አንዴ ቢያሽሽ እኮ ይፈታልሽ ነበር፣ ልጄ» ትለኝ ነበር እናቴ። እናቴን አከብራለሁ፤ ያልገጠመ አጥንት ግን አይታሽም፣ በቀርከሃ ተጠፍንጎ ደም በማጣት የተቆረጠ እጅም ለሀገራችን የአጥንት ሐኪሞች እንግዳ ነገር አይደለም።

ጀሶው ሲፈታ አንጓዬ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። ጣቶቼን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በማንቀሳቀሴ እንጀራ ለመጠቅለል አልተቸገርሁም፤ ጀበና ማዘንበል ግን አልቻልሁም። ፊዚዮቴራፒስቷ ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ ማማሰያ በጡጫዬ አቁሜ ይዤ፣ ጫፉን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዳዘነብል አዘዘችኝ። ማማሰያው ዛሬ ከትናንት ምን ያህል እንደተጋደመ በዓይን ስለሚታይ ከሰጠችኝ መልመጃዎች ሁሉ የወደድሁት እርሱን ነው።

ዛሬ ብወድቅ ለሐኪሙ የማሳየው የሚያመኝን ነጥብ በአንድ ጣት ነክቼ ነው፤ የሕመም ፈቃድም የምጠይቀው ሁለተኛው ራጅ ከታየ በኋላ ይሆናል። በገና ዕለት ቡናውን በቀኝ እጄ ቀዳሁ፤ ከወለል ለመነሣት መዳፌን ስደገፍ ግን ያቺ ጎድጓዳ ቦታ እስካሁን ትወጋኛለች።