ካንሰሩ ሲመለስብኝ የሸሸሁት ነገር

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ጨርቅ የዳበሰ ጣት ቋጠሮ አያመልጠውም። ነሐሴ 2016 ላይ ኮምቦልቻ ቤቴ ገላዬን ስታጠብ፣ ድሮ ግራ ጡቴ በነበረበት ቦታ፣ ከጠባሳው ጫፍ ወደ ብብቴ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ጣቴ ላይ መጣ። ምስር ታክላለች። ስጫናት አትሸሽም። አታምምም። ሳሙናውን አስቀምጬ ዝም ብዬ ቆምኩ። ማንም ሳይነግረኝ አወቅኳት።

የመጀመሪያው በ2010 ነበር። ጡቴ ተቆረጠ፣ ኬሞ ወሰድኩ፣ ከዚያ ታሞክሲፌን የሚባለውን የሆርሞን ክኒን በቀን 20 ሚሊግራም መዋጥ ጀመርኩ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። ክኒኑ ኮመዲኖ ላይ ቀረ። ስመለስ ቤቴ ባዶ ነበር፤ የማውቃቸው ፋርማሲዎችም እንዲሁ። አራት ወር ገደማ ሳልወስድ ቆየሁ፣ በኋላ ቀጠልኩ። ምስሯን ባገኘሁባት ሌሊት እነዚያን አራት ወራት ስቆጥር አነጋሁ።

ሦስት ሳምንት ለማንም አልተናገርኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ቢሆንም አፌ አልከፈት አለኝ። በመጨረሻ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ዳሰሰኝና "የተመለሰ ይመስላል፣ ወደ ደሴ ሪፈር ልጻፍልዎት" አለኝ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ውጭ ሰው ተሰልፏል። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ደሴ ግን አልወጣሁም።

ቀዩን የኬሞ መድኃኒት የወሰደች ሴት ለምን እንዳልወጣሁ ይገባታል። ዶክሶሩቢሲን ይባላል። በየ21 ቀኑ፣ አራት ጊዜ ወሰድኩት። መጀመሪያ ቀን ሽንቴ ቀልቶ ሲወጣ ደም መስሎኝ ጮህኩ። ምላሴ ላይ የብረት ጣዕም ተጣብቆ ከረመ። የቡና ሽታ ያስመልሰኝ ነበር፤ አንዲት ወሎዬ ቡና ሲያስመልሳት አስቡት። ጎረቤት ሲያፈላ በሬን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ትንሿ ልጄ ደግሞ ትራሴ ላይ የቀረውን ጸጉር እየለቀመች እንዳላየው ትደብቀው ነበር። አንድ ቀን ከፍራሹ ሥር በላስቲክ ጠቅልላ አገኘሁት።

እና "ያን ሁሉ አልፌ ከተመለሰ ምን ጠቀመኝ?" አልኩ። ወደ ባህል መድኃኒት የወሰደችኝ ይህች ጥያቄ ናት። የሚመክረኝም አልጠፋም። "ቢላ ከነካው ይበተናል፣ እንዳታስነኪው" ያለችኝ የገዛ እህቴ ናት። ከፍቅር ነው።

በባቲ መንገድ አንድ መድኃኒተኛ አሉ ተባልኩና ሄድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ አድርገው ነው የተቀበሉኝ። ቡና ተፈላ። ሁለት ሰዓት ያህል ሰሙኝ። ስለ ባለቤቴ ሞት ጠየቁኝ፣ ስለ ስደቱ ጠየቁኝ፣ ስለ እንቅልፌ ጠየቁኝ። ስድስት ዓመት ሐኪም ቤት ስመላለስ ስለ እንቅልፌ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። "አብሽሪ ልጄ፣ ይህ ቀላል ነው" አሉኝ። አልቅሼ፣ ቀሎኝ ወጣሁ። የሚጠጣ ጥቁር ብጥብጥ በሃይላንድ ጠርሙስ፣ የሚቀባ ደግሞ በትንሽ ብልቃጥ ሰጡኝ። ለመጀመሪያው ዙር 6,000 ብር ከፈልኩ። "ቅባቱ ያቃጥላል፤ ካቃጠለ ሥሩን እየሳበው ነው" አሉኝ።

እዚህ ላይ ሙያዬ ረዳኝ። የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ደብተር አለኝ፤ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት። የመጨረሻውን ገጽ ለራሴ አደረግኩት። ጁምዓ ጁምዓ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ በልብስ ሜትሬ እለካለሁ። መስከረም 24፣ 1 ሴንቲ። ጥቅምት 15፣ 1 ተኩል። ቅባቱ ቆዳዬን አቃጥሎ ጥቁር ቅርፊት ሠራ፤ ቅርፊቱ ሲነሳ ሥሩ እርጥብ ሥጋ ነው። መድኃኒተኛው በስልክ "እየወጣልሽ ነው" ይሉኛል። ሜትሩ ሌላ ይላል። ኅዳር 6 ቀን 2 ሴንቲ ብዬ ጻፍኩ። ጣቴን ወደ ብብቴ ስሰድ ሌላ ቋጠሮ አገኘሁ። ትንሽ ናት፤ ግን በፊት አልነበረችም። እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ።

ያን ሳምንት ነው በደንብ ማመዛዘን የጀመርኩት። እስከዚያ ድረስ የመረጥኩ ይመስለኝ ነበር እንጂ እየሸሸሁ ነበር።

መጀመሪያ መድኃኒተኛውን "አባቴ፣ የዳኑ ሰዎችን ላነጋግር" አልኳቸው። ቅር ሳይላቸው ሁለት ሴቶች ጠቆሙኝ። የአንደኛዋ ቤት ስደውል ልጇ አነሳችና "እናታችንማ አርፋለች" አለችኝ። ሁለተኛዋን ሐርቡ ድረስ ሄጄ አገኘኋት። ጤነኛ፣ ደስተኛ ሴት ናት። "እብጠቱ ካንሰር መሆኑን በምን አወቅሽ?" አልኳት። "እሳቸው ናቸዋ የነገሩኝ" አለችኝ። ናሙና አልተወሰደም፣ ምርመራ የለም። ጡት ላይ የሚወጣ እብጠት አብዛኛው ካንሰር እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ሕመሜ ጀምሮ አውቃለሁ። እሷ አልዋሸችም፣ ድናለች። ከምን እንደዳነች ግን ማንም አያውቅም። ከዚያ ወዲህ "እገሊት በቅጠል ዳነች" ሲባል ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ካንሰር መሆኑ በናሙና ታውቆ ነበር? ከቅጠሉ በፊት ተቆርጦላት ነበር? ቀዶ ጥገናውን ጨርሳ ቅጠሉን የምታመሰግን ብዙ ናት።

ቀጥሎ የሰፈራችንን ሼህ ጠየቅኳቸው። ጥቁር አዝሙድ ከሞት በቀር ለሁሉ መድኃኒት ነው የሚለውን ሐዲስ ይዤ ነው የሄድኩት። "ታከሙ ያሉትም እኚያው ነቢይ ናቸው" አሉኝ። ቀጥለው "ባቲ ሰኞ ገበያ ግመሉን ሳያስር በአላህ ተመክቻለሁ የሚል ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። ግመልህን እሰር፣ ከዚያ ተመካ የሚለውን ሐዲስ ማስታወሳቸው ነበር። ጎረቤቴ እማማም በበኩላቸው ጸበል ይዘውልኝ መጥተው ነበር። አቡነ ጳውሎስ በኤችአይቪው ጊዜ ጸበልና መድኃኒት አይጋጩም፣ ሁለቱም የፈጣሪ ስጦታ ናቸው ብለው ማስተማራቸውን ያነሱልኝ እሳቸው ናቸው። ከሁለቱም ቤት የሰማሁት አንድ ነው። ሃይማኖቴና ሐኪሙ ተጣልተው አያውቁም፤ እኔ ነበርኩ ያጣላኋቸው።

ሦስተኛዋ የእህቴ ልጅ ናት፣ ፋርማሲስት ናት። ከቅጠል ጠላቶች ወገን አይደለችም። "አክስቴ፣ ከቀዩ ቀጥሎ የወሰድሽው ፓክሊታክሴል እኮ መጀመሪያ ከዛፍ ቅርፊት ነው የተገኘው" አለችኝ። ልዩነቱ መጠኑ መታወቁ ነው፤ ስንት ሚሊግራም፣ በስንት ቀን፣ ጉበትን ምን ያደርጋል የሚለው። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጡትንም ጥናት አነበበችልኝ። ካንሰራቸው ገና ሩቅ ሳይሄድ የተደረሰበት 281 ሰዎች ሕክምናውን ትተው አማራጭ መድኃኒት ብቻ ወስደዋል። ሕክምናውን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት አደጋቸው 2 ተኩል እጥፍ ሆነ። የጡት ካንሰር ያለባቸው ደግሞ ከ5 እጥፍ በላይ። እነሱ ገና የጀመራቸው ናቸው፣ የእኔ የተመለሰ ነው፤ ልክ አንድ አይደለም። ግን የራሴ ደብተር ላይ ያለው ቁጥርም ወደዚያው ያመለክት ነበር።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ወጣሁ። ብጥብጡንም ቅባቱንም በፌስታል ይዣለሁ። ይህን ማድረጌ ከሁሉ የጠቀመኝ ነገር ነው። ደሴ ያገኘሁት የካንሰር ሐኪም ይቆጣኛል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ጠርሙሱን ከፍቶ አሸተተ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በቀን ስንት ጊዜ ብሎ ጻፈ። ጉበቴንና ኩላሊቴን አስመረመረ። የጉበቴ ቁጥር ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ብጥብጡን ካቆምኩ በኋላ ወረደ።

ከዚያ የፈራሁትን ተናገርኩ። "ዶክተር፣ ኬሞ ዳግመኛ አልችልም።"

"ኬሞ ነው ብሎ ማን ነገረዎት?" አለኝ።

ዝም አልኩ። ማንም አልነገረኝም።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ሁለት ወር የሸሸሁት ማንም ያላዘዘልኝን ኬሞ ነበር። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ የተመለሰ ሁሉ አንድ አይደለም። እዚያው ደረት ላይ ወይም ብብት ውስጥ የተመለሰ አለ፤ አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበት የደረሰም አለ። ለመጀመሪያው አሁንም ነቅሎ ለማዳን ይሞከራል። ለሁለተኛው ሕክምናው በሽታውን ይዞ ለማቆየት ነው፤ ያም ቢሆን ብዙ ዓመት የምትኖር አለች። "የእኔ ለማዳን ነው ወይስ ለማቆየት?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ይህ መልስ ሳይያዝ ምንም ነገር ማመዛዘን አይቻልም።

ናሙና እንደገና ተወሰደ። "በ2010 የተሠራው አለ እኮ" ብዬ ነበር። የተመለሰው ከድሮው ጠባዩን ሊለውጥ ስለሚችል ነው አሉኝ፤ ያኔ መድኃኒቱም ይለወጣል። ቢላ ከነካው ይበተናል የሚለውንም ጠየቅኩ። "ሰው የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ ሲከፈት ቀድሞ ተሰራጭቶ ይገኛል፤ ጥፋቱ ግን ለቢላው ይሰጣል" አለኝ። ውጤቴ ሆርሞን የሚቀበል፣ ኸር-ቱ የሚባለው ፕሮቲን የሌለው ሆነ። ሲቲ ስካኑ ሩቅ ቦታ ምንም አላሳየም። ስለዚህ ቀዶ ጥገና፣ ጨረር፣ ከዚያ ሌላ የሆርሞን ክኒን ታዘዘልኝ። ለእኔ ዓይነቱ ኬሞ ይህን ያህል አይጨምርም ተባልኩ። ለሌላዋ ሊታዘዝ ይችላል፣ እንደ ዕጢዋ ጠባይ ነው።

ስለ አራቱ ወራትም ጠየቅኩት። ክኒኑን ማቋረጥ አደጋ እንዳለው አልደበቀኝም። ግን የእኔ በዚያ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም አለኝ። የሆርሞን ዓይነቱ ተደብቆ ቆይቶ ከ10 ዓመት በኋላም ሊነሳ ይችላል። የድሮው ኬሞ ከንቱ አልነበረም፤ እነዚያን ዓመታት የኖርኩት በዚያም ጭምር ነው።

ቅባቱ የሠራው ቁስል እስኪደርቅ ቀዶ ጥገናው አምስት ሳምንት ዘገየ። በድምሩ 12,000 ብር ከፍዬ የገዛሁት ይህን መዘግየት ነው። ጨረሩ ለ25 ቀን አዲስ አበባ ነበር፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፤ ዘመድ ቤት አረፍኩ። ያልጠበቅኩት ነገር ቢኖር ለራሴ የሰፋሁት ልብስ ጥቅም ነው። ቆዳው ይለበልባል፣ ስፌት ይፈትገዋል። ከስስ ጥጥ፣ ብብቱ ሰፊ፣ ፊቱ በቁልፍ የሚከፈት፣ ስፌቱ ወደ ውጭ የዞረ ሸሚዝ ሰፋሁ። ወረፋ ላይ ያየችኝ ሴት ሁሉ ጠየቀችኝ። ለአሥራ አንድ ሴቶች ሰፍቻለሁ። የጡት ምትክም እንዲሁ። ጥጥ ብቻ ሲሆን ቀሎ ወደ አንገት ይሸሻል፤ ሥሩ ላይ ጥቂት ማሽላ በጨርቅ ቋጥሬ ስጨምርበት ቦታውን ያዘ፣ ትከሻዬም ተካከለ።

አሁን ሌትሮዞል 2.5 ሚሊግራም በየቀኑ እውጣለሁ። የወር አበባ ላቆመች ሴት የሚሰጥ ነው። ጠዋት ጣቶቼ ይደርቃሉ፤ መርፌ ከመያዜ በፊት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ እነክራቸዋለሁ። አጥንት ስለሚያሳሳ በእግሬ እስከ ቦርከና ድልድይ ሄጄ እመለሳለሁ። እጅሽ እንዳያብጥ ስለተባልኩ በግራ እጄ ግፊት አላስለካም፣ መርፌም አላስወጋም።

የባህሉን ሁሉ አልጣልኩም። ጥቁር አዝሙድ ከማር ጋር በልክ እወስዳለሁ፣ ለሐኪሜ ነግሬ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ግን ደም ሊያቀጥን ስለሚችል አቁሚ ተባልኩ፣ አቆምኩ። ሐሙስ ሐሙስ ዱበርቲዎቹ፣ ዱዓ የሚያደርጉት ሴቶች፣ ቤቴ ይመጣሉ። ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ዱዓ ይደረጋል። የዚያን ቀን እንቅልፍ እተኛለሁ። መድኃኒተኛው በሁለት ሰዓት የሰጡኝን መደመጥ እዚያ አገኘሁት፣ ያለ ብልቃጥ። ሐኪሞችም ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ። ያቺ ክሊኒክ ውስጥ "ምን ፈራሽ?" ብሎ የጠየቀኝ ቢኖር ሁለቱን ወር አላባክንም ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛ ለወንድሟ ሰርግ ልብስ ልታሰፋ መጣች። ደረቷን ልለካ ሜትሩን ሳዞር እጄን ያዘችና ቀኝ ጡቷ ላይ አስቀመጠችው። ሽምብራ ታክላለች። ከቦርሳዋ ብልቃጥ አወጣች፤ ክዳኑ እንኳ የእኔውን ይመስላል። "ኬሞ እፈራለሁ" አለችኝ።

"ኬሞ ነው ብሎ ማን ነገረሽ?" አልኳት።

መልስ አልሰጠችኝም። ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት መናኸሪያ ተቀጣጥረናል። ብልቃጡንም ይዛ ትመጣለች።