ንቡ ያለው ኬብሉ ውስጥ ነው

ባለፈው ቅዳሜ አባይ ማዶ ጓደኛዬ ቤት ተሰብስበን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጫወትን። እኔ ጊታር፣ አንዱ ቤዝ፣ አንዱ ኪቦርድ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጊታሬ አንዴም አልተንጫጫም። ድምፁም አልጠፋም። እኔም እንደ ልማዴ ዘፈን መሃል ጎንበስ ብዬ የኬብሉን መሰኪያ፣ ጃኩን፣ አላሻሸሁም። ለሌላ ሰው ይሄ ወሬ አይሆንም። ለእኔ ግን የስምንት ወር ልፋት ነው። ጊታሩን ከድምፅ ማጉያው የሚያገናኘውን ኬብል የሠራሁት በገዛ እጄ ስለሆነ ትንሽ ብንጠባረር አትፍረዱብኝ።

አጀማመሬን አላስረዝምም። በቦክስ ጊታር ጀመርኩ። ጣቴ ቆሰለ፣ ከዚያ ደደረ። ኤፍ ኮርድ ሁለት ወር አስለቀሰኝ። ትዝታና ባቲ ቀስ በቀስ ገቡልኝ፤ አምባሰል ላይ አሁንም እደናቀፋለሁ። ዓመት ሲሞላኝ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታርና ባለ 15 ዋት ትንሽ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ገዛሁ። እስከዚህ ድረስ የሁላችንም ታሪክ አንድ ነው።

የእኔ መከራ የጀመረው ሻጩ «ይቺ ምርቃት ናት» ብሎ ከጨመረልኝ ኬብል ነው። ጃኩ ከገመዱ ጋር በፕላስቲክ ተቀልጦ የተያያዘ፣ የማይፈታ ዓይነት። ሦስት ወር እንኳ በቅጡ አላገለገለኝም። መጀመሪያ ስንቀሳቀስ ብቻ ነበር ቸር ቸር የሚለው። ቆይቶ ዝም ብዬ ተቀምጬም እምምምም ማለት ጀመረ። አንድ ማታ እናቴ በሩን ከፈት አድርጋ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ንብ ገባበት እንዴ?» አለችኝ። እናቴ የደጋ ዳሞት ልጅ ናት፤ ቀፎ እያየች ነው ያደገችው። በንብ ነገር አትሳሳትም።

እኔ ግን ተሳሳትኩ። መጀመሪያ ያማረርኩት መብራቱን ነው። ክረምት ነበር፤ እዚህ ባሕር ዳር ዝናብ ሲያንጃብብ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን ታውቁታላችሁ። ቀጥሎ ጊታሩን ጠረጠርኩ። ከፈትኩት፣ ነካካሁት፣ አንድ ደህና የነበረ ሽቦ በጥስኩ። እሱን ለማስጠገን የከፈልኩት ብር አዲስ ኬብል ይገዛልኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ ራሴን ጠረጠርኩ፤ «ምናልባት አመታቴ ይሆን» አልኩ። ኬብሉን የጠረጠርኩት መጨረሻ ላይ ነው። ለካ ጃኩ ሥር ሺልዱ ተበጥሶ ነበር። ሺልድ ማለት የውስጡን ሽቦ የሚከበው የመዳብ ሽሩባ ነው። ከጊታር የሚወጣው ሲግናል በጣም ደካማ ስለሆነ ያ ሽሩባ ካልሸፈነው ኬብሉ አንቴና ይሆናል። ግድግዳ ውስጥ ካለው መስመር፣ ከቻርጀሩ፣ ከፍሎረሰንቱ የሚመጣውን የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ሁሉ ይለቅማል።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ።

ሁለተኛውን ኬብል የገዛሁት በንዴት ነው። «ከእንግዲህ ርካሽ አልነካም» ብዬ ወፍራም፣ ጃኩ ወርቅ የተቀባ፣ 10 ሜትር የሆነ ኬብል በ1,800 ብር ገዛሁ። ለምን 10 ሜትር? አንድ ቀን መድረክ ላይ ስወጣ እንደልቤ እንድዘዋወር። የምለማመድበት ክፍል ሦስት በአራት ነው። አልጋም አለበት።

ጩኸቱ ቀነሰ። ግን ጊታሬ ጋቢ የተከናነበ መሰለ። ያ ጥርት ያለ የላይኛው ድምፅ፣ ክራሩን የሚያስታውሰኝ ቅጭልታው፣ የለም። የአምፑን ትሬብል እስከ መጨረሻው አዞርኩት፤ ያው ነው። ለሁለት ሳምንት ክሮቹ አርጅተው ነው ብዬ ነበር። ክርም ቀየርኩ!

ከዚያ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ቆሜ ካፓሲተር እያስተማርኩ ነበር። ሁለት አስተላላፊ ነገሮች፣ መሃላቸው ኢንሱሌተር። ሰሌዳው ላይ ሥዕሉን ሳልኩና እጄ ቀጥ አለ። ይሄ እኮ የእኔ ኬብል ነው። የመሃሉ ሽቦ አንድ፣ ሺልዱ ሁለት፣ መሃላቸው ፕላስቲክ። ተማሪዎቹ «ቲቸር ምን ሆነ» ሳይሉ አይቀሩም።

ማታ ቤት ገብቼ አሰላሁት። የተለመደ የጊታር ኬብል በሜትር 100 ፒኮፋራድ ገደማ ካፓሲታንስ፣ ማለትም ቻርጅ የማጠራቀም አቅም፣ አለው፤ ኬብሉ በረዘመ ቁጥር እሱም ይጨምርና የላይኛውን ድምፅ ይበላል። 4 ሄንሪ ገደማ ኢንዳክታንስ ያለው ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው የጊታሩ የሽቦ ጥቅል) በ3 ሜትር ኬብል ሲሰካ፣ ድምፁ ጎልቶ የሚያበራበት ቦታ 4,000 ኸርዝ አካባቢ ይወድቃል። በ10 ሜትር ኬብል ወደ 2,400 ይወርዳል። ጋቢው ይሄ ነው። ወርቅ ቢቀቡት፣ ብር ቢቀቡት አይገፈፍም። ድምፁ ለስለስ እንዲል ሆን ብለው ረጅም ኬብል የሚመርጡ ጊታሪስቶችም አሉ፤ እሱ ምርጫ ነው። እኔ ግን ከፍዬ ነው ጋቢ ያለበስኩት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ በጣም ቀላል ነው፤ አጭር ግዙ። ለቤት 3 ሜትር ይበቃል። ቢበዛ 4 ወይም 5። ርካሽም ይሆናል።

ያ የ10 ሜትር ኬብል ራሱ በአምስተኛው ወር ንቡን መልሶ አመጣው። ይዤው ገበያው አጠገብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ጋ ሄድኩ። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «መምህር» ይሉኛል፤ አክብሮት ይሁን ሽሙጥ እስካሁን አልለየሁም። ጃኩን ገና ሲያዩት ፈገግ አሉ። «ይችን እኮ የማውቃት ድሮ ስልክ ማዞሪያ ቤት ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ይሄ 6.35 ሚሊሜትሩ ጃክ የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለስልክ ማዞሪያ ሰሌዳ ነው። ጊታር የተዋሰው በኋላ ነው።

ጋሼ ምላጭ አነሡና ገመዱን ጫፉ ላይ ለሁለት ሰነጠቁት። ውጪው የትንሽ ጣቴን ያህል ይወፍራል። ጥቁሩ ጎማ ተልጦ፣ ተልጦ፣ ሲያልቅ መሃል ላይ ክር የሚያህል ነገር ቀረ። ሺልድ የተባለው የፀጉር ያህል የቀጠኑ ጥቂት ሽቦዎች ናቸው፤ አራርቀው ተጠምጥመዋል። ከሽቦ ወደ ሽቦ ነጩ ፕላስቲክ ወለል ብሎ ይታያል። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣

«መምህር፣ አንተ የገዛኸው ጎማ ነው» አሉኝ።

የኬብል ውፍረት አያታልላችሁ። ውፍረቱ የጎማ እንጂ የመዳብ ላይሆን ይችላል። ወርቅ ቅቡም እንደዚያው፤ ወርቅ አይዝግም፣ እሱ እውነት ነው፤ ሥራው ግን እዚያ ላይ ያበቃል። እኔ አሁን ሱቅ ስገባ መጀመሪያ የማየው ጃኩ በእጅ ተፈትቶ ውስጡ የሚታይ መሆኑን ነው። የማይፈታ ከሆነ በነፃም አልቀበልም። የሚፈታ ከሆነ እፈታለሁ፤ ባለሱቁ ቢገላምጠኝም እፈታለሁ። ሺልዱ ጥቅጥቅ ብሎ ተሸርቧል? ገመዱን ቆንጥጦ የሚይዘው ምላስ አለው? ጃኩ ላይ ያለውን ጥቁር ቀለበትም ቁጠሩ። አንድ ከሆነ ሞኖ ነው፤ ለጊታር የሚያስፈልገው እሱ ነው። ሁለት ከሆነ ስቴሪዮ ነው። እኔ አንዴ ስቴሪዮ ገዝቻለሁ፤ ዝርዝሩን ተዉት።

ሌላም አለ። «የስፒከር ገመድ ላይ ጃክ ቀጥልበት፣ ያው ነው» የሚሏችሁን አትስሙ። የስፒከር ገመድ ሺልድ የለውም፤ ንቡን ከነመንጋው ይዞ ይገባል። ተቃራኒው ደግሞ ይብሳል፤ የጊታር ኬብልን ከአምፕ ወደ ስፒከር ብትሰኩ ገመዱ ሊግል፣ አምፑም ሊበላሽ ይችላል።

እሺ፣ ወደ ሦስተኛው። አዲስ አበባ የሚመላለስ የሥራ ባልደረባዬ 4 ሜትር ደህና የጊታር ገመድ በሜትር አስቆርጦ አመጣልኝ። ጃኮቹን እዚሁ አገኘሁ፤ ሁለት ብረት፣ የሚፈቱ፣ ስም የሌላቸው። የኒውትሪክ ወይም የስዊችክራፍት ጃክ ብጠቀም ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ስማቸውን ብቻ የለበሰ ርካሽ ቅጂ ስላለ፣ ስም የሌለውን አይቶ መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ። ሁሉም ተደምሮ የ10 ሜትሩን ዋጋ ግማሽ አልደረሰም። ጋሼ ሶልደራቸውን እዚያው ሱቃቸው ውስጥ እንድጠቀም ፈቀዱልኝ፤ «ግን እኔ አልነካልህም» አሉ።

የመጀመሪያውን ጫፍ በሃያ ደቂቃ አበየድኩት። አማረብኝ። ከዚያ የጃኩን ሽፋን ላጠብቅ ስፈልግ ሽፋኑ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ሽፋኑ አስቀድሞ ገመዱ ላይ መግባት ነበረበት። ጋሼ አይተው ነበር። ዝም ያሉት ሆን ብለው ነው።

ፈትቼ እንደገና። በዚህኛው ዙር ሽፋኑን አስገባሁ፣ ሁለቱንም ጫፍ ጨረስኩ፣ በቴስተር ለካሁ። የአንዱ ጃክ ጫፍ ከሌላው ጃክ ጫፍ ጢጥ አለ። አካል (ከጥቁሩ ቀለበት በኋላ ያለው ብረት) ከአካል ጢጥ አለ። ጫፍ ከአካል ጢጥ አላለም፤ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። በባጃጅ ወደ ቤት በረርኩ። ሰካሁት። ድምፁ ትንሽዬ፣ የታፈነ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ ዓይነት! ከጋቢም አልፎ ብርድ ልብስ ነው።

ሦስት ቀን ከዚህ ጋር ታገልኩ። ብየዳውን ደጋገምኩት። ጃኩን ቀየርኩ። ብስጭቴን ተማሪዎቹ ላይም ሳልወጣው አልቀረሁም፤ ያን ሳምንት የሰጠሁት ፈተና ከበድ ይል ነበር። በአራተኛው ቀን ቴስተሩን ከጢጥታ ወደ ኦም አዞርኩና ጫፍና አካሉን ለካሁ። ምንም ማንበብ የለበትም። ጥቂት ሺህ ኦም አነበበ። የሆነ ነገር እያፈሰሰ ነው፣ ግን ቴስተሩን ጢጥ ለማስባል አይበቃም። ይዤ ጋሼ ጋ ሮጥኩ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«ጥቁሯን ቆዳ ላጥካት?»

የምን ጥቁር ቆዳ? ደህና የጊታር ገመድ ስትልጡት ውጪው ጎማ፣ ከሥሩ የመዳብ ሽሩባ፣ ከሽሩባው ሥር ደግሞ ስስ ጥቁር ፕላስቲክ አለ። ከዚያ ነው ነጩ ፕላስቲክና መሃሉ ሽቦ የሚመጡት። እኔ ጥቁሩን ኢንሱሌተር መስሎኝ ትቼው ነበር። ኢንሱሌተር አይደለም፤ ካርቦን አለበት፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሥራው ኬብሉ ሲረገጥና ሲታጠፍ የሚፈጠረውን ቻርጅ መምጠጥ ነው፤ ስትረግጡት ጓ የሚለው እንዳይሰማ። ግን የመሃሉን ሽቦ ከነካ ድምፃችሁን ይጠጣዋል። የእኔ ጃክ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጥቁር ቅሪት ጫፉን ነክታ ነበር። በጥፍሬ ላጥኳት። ሰካሁት። ክራሩ ተመለሰ!

ጥቁሯን ቆዳ ከጫፏ አምስት ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ ላጧት። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ እሱን ያዙ።

ስለ ብየዳው ምክር የመስጠት ሞራል የለኝም። 350 ዲግሪ አካባቢ፣ ሦስት ሰከንድ፣ ከዚያ እጅ ማንሣት፣ ይላሉ። እኔ ስድስት ሰከንድ እቆያለሁና ነጩ ፕላስቲክ ይቀልጥብኛል። አንደኛው ጫፍ እስካሁን አመድ መስሎ፣ ሳያበራ ነው የደረቀው። ጋሼ «ይቺ ገና ታስቸግርሃለች» ብለዋል። አውቃለሁ። ቅዳሜ ሰላም ስለነበረች አልነካኋትም።

አጠቃለሉን ግን አጥብቄ እናገራለሁ። ኬብልን በመዳፍና በክርን እያዞራችሁ አትጠቅልሉ። ልብስ ማስጫ ገመድ አይደለም። ውስጡ ይጠመዘዝና ሺልዱ ይበጠሳል። በራሱ ፈቃድ ክብ ይሁን፣ ሰፋ አድርጋችሁ። ስትነቅሉም ጃኩን ያዙ እንጂ ገመዱን አትጎትቱ። የመጀመሪያዋን ምርቃት የገደልኳት እኔው ሳልሆን አልቀርም።

ንቡ ሙሉ በሙሉ ሄዷል ብዬ አልዋሽም። ጊታሬ ሲንግል ኮይል፣ ማለትም ባለ አንድ ጥቅል፣ ፒክአፕ ነው ያለው፤ እሱ ደግሞ በተፈጥሮው ከአካባቢው ትንሽ ጉምጉምታ ይሰበስባል። ኬብሉ ይሁን ፒክአፑ ለማወቅ ጊታሩን ይዛችሁ ባላችሁበት ዙሩ። ስትዞሩ ጩኸቱ ከፍ ዝቅ ካለ ፒክአፑ ነው፤ ኬብሉን ተዉት። ክሩን ስትነኩ ጩኸቱ ቢቀንስ ጤና ነው። ክሩ ከነዘራችሁ ግን ቀልድ የለም፤ ወዲያው ከሶኬት ንቀሉ፣ የቤታችሁን ግራውንድ (ወደ መሬት የሚሄደውን መስመር) ባለሙያ ይየው።

የእኔ ክፍል ውስጥ ጭጭ የሚልበት አቅጣጫ አንድ ብቻ ነው፤ ፊቴን በመስኮቱ ወደ ጣና፣ ጀርባዬን ወደ በሩ ሳደርግ። ቆጣሪው ያለው በግራ ግድግዳ በኩል ስለሆነ ይመስለኛል። እናቴ ግን ሐይቁን እያየሁ የምተክዝ መስሏታል። ትናንት ማታ ኮቴዋን ሳታሰማ ከኋላዬ ገብታ ቡና አጠገቤ አስቀመጠችና፣ «ምነው ልጄ፣ የከፋህ ነገር አለ?» አለችኝ። ደንግጬ ኬብሉን ረገጥኩት። ጓ አላለም።