ዳቦውን መተው ቀላሉ ነበር

ሴሊያክ የሚባል በሽታ እንዳለብኝ ሲነገረኝ መጀመሪያ ጭንቅላቴ ውስጥ የመጣው ዳቦ ነው። ያለ ዳቦ እንዴት ይኖራል? ኬክስ? ፓስታስ? አሁን ሳስበው ግን ዳቦውን መተው ቀላሉ ነበር። ዳቦ በዓይን ይታያል፤ አልበላም ትላላችሁ፣ አለቀ። ሰውን የሚያደክመው የማይታየው ነው። ቅቤው ውስጥ የቀረች ፍርፋሪ፣ ሾርባው ወፈር እንዲል የተጨመረች አንድ ማንኪያ ዱቄት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚወዱን ሰዎች «ትንሽ ብትቀምሺ ምን ትሆኛለሽ?» ሲሉን።

ለማያውቀው በአጭሩ ላስረዳ። ሴሊያክ አለርጂ አይደለም፣ ክብደት ለመቀነስ የሚያዝ ዳይትም አይደለም። ስንዴ፣ ገብስ እና ራይ የሚባለው እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። በሽታው ያለበት ሰው ይህን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ ዞሮ የገዛ አንጀቱን ያጠቃል። የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ፎጣ ክር ብቅ ብቅ ባሉ በጣም ጥቃቅን ነገሮች የተሸፈነ ነው፤ የበላነው ነገር ወደ ደም የሚገባው በእነሱ በኩል ነው። ጥቃቱ ሲቀጥል እነዚህ እያጠሩ፣ እየተደፈጠጡ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ጥሩ ብትበሉም አይረኑ፣ ካልሲየሙ፣ ፎሌቱ፣ ቫይታሚን ዲው እንደሚገባው ወደ ሰውነት አይገባም።

ብዙ ሰው ሴሊያክ ሲባል ተቅማጥና የሆድ መነፋት ብቻ ይመስለዋል። እኔን ሆዴ ያን ያህል አላስቸገረኝም። ደሜ ነበር የሚያንሰው። የአይረን ኪኒን ስወስድ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሳቆም ተመልሶ ይወርዳል፣ እንደገና ይታዘዝልኛል። ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ ቆሜ ትንፋሼን እሰበስብ ነበር። በኋላ አንዲት ሐኪም «ይሄ ሁሉ አይረን የት እየሄደ ነው?» አለችና ሌላ የደም ምርመራ አዘዘች። ምርመራው ቲቲጂ የሚባል አንቲቦዲ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የሚያመነጨው ነገር፣ የሚለካ ነው። ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ቀጥሎ በኢንዶስኮፒ፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ፣ ከትንሹ አንጀቴ ናሙና ተወሰደና ተረጋገጠ። በሌላ ሰው ደግሞ ጭራሽ ሌላ ሊሆን ይችላል፦ የአጥንት መሳሳት፣ የሚያሳክክ የቆዳ ሽፍታ፣ ልጅ ከሆነ ዕድገቱ ወደ ኋላ መቅረት።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አደራ ልበል። እኔም ይኖርብኛል ብላችሁ የምትጠረጥሩ ካላችሁ ምርመራው ሳያልቅ ግሉተን እንዳታቆሙ። ካቆማችሁ አንቲቦዲው ይወርዳል፣ አንጀቱም መዳን ይጀምራል፣ ውጤቱ «ምንም የለም» ሊል ይችላል። ከዚያ እንደገና ለመመርመር ለሳምንታት ግሉተን እየበሉ መታመም ነው። መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ ምግብ።

መድኃኒት የለውም ወይ? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እስካሁን ሕክምናው ምግቡ ራሱ ነው። ይህን በማስረጃ ያሳየው ቪለም ዲከ የሚባል የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ነው። ስንዴን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም ይጠረጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በጦርነቱ ረሃብ ዳቦ ከአገሩ ሲጠፋ እነዚያ የታመሙ ሕፃናት ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ ሕመማቸውም አብሮ ተመለሰ። ጥናቱን በ1950 አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ሳይንሱ ብዙ ርቀት ሄዷል፣ ሐኪም ቤት የሚሰጠን ምክር ግን ያው የእሱ ነው፦ ግሉተን አትብሉ፣ ዕድሜ ልክ።

አሁን ወደ «ትንሽ ብቻ» ልመለስ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው ለእሱ ስል ነው። አንድ ቁራጭ ዳቦ ውስጥ 2 ግራም ገደማ ግሉተን አለ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ጥናቶች እንደሚያሳዩት አብዛኛው የሴሊያክ ሕመምተኛ በቀን ከ10 ሚሊግራም በታች ከሆነ አይጎዳም፤ በየቀኑ 50 ሚሊግራም ለሦስት ወር ሲወሰድ ግን አንጀት ይጎዳል። እስቲ አስቡት። ቁራጯን ዳቦ 200 ቦታ ብትከፋፍሏት አንዷ ናት 10 ሚሊግራም የምትሆነው። ፍርፋሪ ናት። ጠረጴዛ ስትወለውሉ በእጃችሁ የምትጠርጓት ዓይነት። ስለዚህ «ትንሽ ቅመሺ» የሚለኝን ሰው እምቢ ስል መኩራቴ አይደለም፣ ያበሰለውን መናቄም አይደለም። ለእኔ ትንሽ የሚባል ነገር የለም።

ሌላው አሳሳች ነገር ደግሞ ምልክቱ ነው። አንዳንዱ ሰው በስህተት ግሉተን ሲገባበት በሰዓታት ውስጥ ያስመልሰዋል፣ ለቀናት ይተኛል። ሌላው ምንም አይሰማውም። እኔ ወደ ሁለተኛው እጠጋለሁ፤ ይህ ዕድል ይመስላል፣ ግን የሚነግረኝ ምልክት የለኝም ማለት ነው። «በላሁት፣ ምንም አልሆንኩም» ማለት አንጀቴ አልተጎዳም ማለት አይደለም። በሐኪም ክትትልና ምርመራ ነው የሚታወቀው።

ወጥ ቤት ውስጥ ብዙ ነገር ተቀየረ። ከእኔ ጋር የሚኖሩት ስንዴ ይበላሉ፣ እነሱን ማስተው አልፈለግኩም። ግን ቢላዋውን ተመልከቱ፦ ቅቤ ይዞ ዳቦው ላይ ይሄዳል፣ ፍርፋሪ ይዞ ወደ ቅቤው ይመለሳል። አንድ ቁርስ ላይ ስንቴ! ማርማላቱም እንደዚያው፣ ማሩም እንደዚያው። ስለዚህ የራሴ ቅቤ፣ የራሴ ማርማላት፣ ክዳኑ ላይ ቀይ ምልክት ያለበት። ቶስተርም የራሴ አለኝ፤ የዳቦ ቶስተር ውስጡ ፍርፋሪ የማይለቅ ነውና በማጽዳት አይሆንም። የተሰነጠቀ የእንጨት ማንኪያና መክተፊያ፣ ቀዳዳው ውስጥ ሊጥ የሚደርቅበት የፓስታ ማጥለያ፣ እነዚህንም ለየሁ። ድስት፣ ሳህን፣ ሹካ ግን በደንብ ከታጠበ ችግር የለውም፤ ቤቱን ሁሉ አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። አንድ የማይቀረው ጥያቄ «እሳት አይገድለውም?» የሚለው ነው። አይገድለውም። ግሉተን ጀርም አይደለም፣ በሙቀት አይሞትም። ዱቄት የነካው ነገር የተጠበሰበት ዘይት ውስጥ የተጠበሰ ድንችም ለእኛ አይሆንም፣ ዘይቱ የቱንም ያህል ይፍላ።

የታሸገ ነገር ስገዛ ጀርባውን ሳላነብ አልወስድም። ከዚህ በፊት የገዛሁት ቢሆንም አነባለሁ፣ ምክንያቱም ፋብሪካዎች አሠራራቸውን ይቀይራሉ። አኩሪ አተር ሶስ አብዛኛው በስንዴ ነው የሚሠራው፤ ይህን ሳውቅ በጣም ነበር የገረመኝ። ብቅል ካለ ገብስ አለ ማለት ነው፣ ቁርስ ላይ የሚበሉ የእህል ምግቦችና ቸኮሌቶች ውስጥ አይጠፋም። ቢራም ከገብስ ነው። የሾርባ ዱቄት፣ ቋሊማ፣ የተዘጋጀ ሶስ፣ ሁሉም ይነበባል። «ስንዴ የለበትም» የሚል ጽሑፍ ደግሞ በቂ አይደለም፣ ገብሱስ? «ከግሉተን ነጻ» የሚለው ነው የሚፈለገው፤ ዓለም አቀፉ የኮዴክስ የምግብ መስፈርት በኪሎ ከ20 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል። አጃ ትንሽ ይወሳሰባል። በራሱ ለአብዛኛው የሴሊያክ ሕመምተኛ ይስማማል፣ ግን እርሻ ላይም ወፍጮ ላይም ከስንዴ ጋር ስለሚነካካ ከግሉተን ነጻ ተብሎ የተለየው ብቻ ነው የሚሆነው፣ እሱንም ሐኪም አማክሮ።

ታዲያ ምን ይበላል? ብዙ ነገር! ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ድንች፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ። እነዚህ ከመጀመሪያውም ግሉተን የላቸውም። የሚያሳስበው ዱቄት ሲሆኑ ነው፤ ስንዴ የተፈጨበት ወፍጮ ላይ የተፈጨ ወይም የተቀላቀለ ሊሆን ስለሚችል ከየት እንደመጣ ይጠየቃል። «ከግሉተን ነጻ» ተብለው የሚሸጡት ብስኩትና ዳቦዎች ጥሩ ናቸው፣ ሲያምረኝ እበላለሁ። ግን ጤናማ ናቸው ብሎ ማሰብ አይገባም፤ ብዙዎቹ ፋይበራቸው ያነሰ፣ ስኳርና ስባቸው የበዛ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ወተት ካልተስማማችሁ ደግሞ አትደንግጡ። የወተቱን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም የሚገኘው በተጎዳው የአንጀት ግድግዳ ላይ ነው፤ ሲድን አብዛኛውን ጊዜ ወተቱም ይመለሳል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሰው ነው። ውጭ ስበላ መጠየቅ ያሳፍረኝ ነበር። አሁን አጭርና ግልጽ አድርጌ እላለሁ፦ «ሕመም አለብኝ። ስንዴና ገብስ ትንሽም ቢሆን አልበላም። ይሄ ውስጥ ዱቄት ገብቷል? የሚሠራውስ በምን ዕቃ ነው?» አስተናጋጁ «አይመስለኝም» ካለኝ ወጥ ቤት ገብቶ እንዲጠይቅልኝ እለምነዋለሁ። እርግጠኛ ካልሆነ አመሰግናለሁ፣ ሻይ እጠጣለሁ። ሰው ቤት ስጋበዝ ቀድሜ እደውላለሁ፣ የራሴን ይዤ ልምጣ እላለሁ። መጀመሪያ ቅር ያላቸው ነበሩ። ታላቅ እህቴ በተለይ። የ200ውን ቁራሽ ነገር ቁጭ ብዬ ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና በሚቀጥለው ስሄድ ለእኔ ብቻ የሚሆን ድስት ለይታ ጠበቀችኝ። እንደዚያ ዓይነት ነገር ያስለቅሳል።

የምግብ ናፍቆቱም እውነት ነው፣ «ጤና ይበልጣል» ተብሎ ብቻ አይታለፍም። ትኩስ ዳቦ ሲሸት ዛሬም ሆዴ ይባባል። ይህን ለሰው መናገር ረድቶኛል፣ በተለይ ያው በሽታ ላለበት።

ክትትሉን አትተዉ። የአዋቂ ሰው አንጀት እስኪድን ሁለት ዓመትም ከዚያ በላይም ሊፈጅ ይችላል፣ ልጆች ቶሎ ይድናሉ። የእኔ አንቲቦዲ እየወረደ ነው፣ ደሜም ያለ ኪኒን ከፍ ብሏል።

የመጨረሻው ስለ ቤተሰብ ነው። በሽታው በዘር ይሄዳል፤ በጠቅላላው ሕዝብ ከ100 ሰው 1 ገደማ ሲይዘው፣ የሕመምተኛ ወላጅ፣ ልጅ፣ እህትና ወንድም ጋ ግን ከ10 ሰው ወደ 1 ሰው ይጠጋል። ስለዚህ ምልክት ባይኖራቸውም ይመርመሩ። እህቴ ተመርምራ ነጻ ናት። በማንኛውም ዕድሜ ሊጀምር ስለሚችል ድካም ወይም ደም ማነስ ካየች ተመልሳ ትታያለች። ወንድሜ ገና አልሄደም፣ እየጨቀጨቅኩት ነው።